አፌን የጠበቀልኝ ጌታ

ቅዱሳን ወገኖቼ፣ የጌታ ስም ይባረክ። ይህን ምስክርነት ለመስጠት ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ሲመሰክር እልል እያልኩ ስሰማ ኖሬአለሁ። የእኔ የቢሮ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ጡረታዬ ሲቃረብ ወደ ኋላ ዞሬ ሳየው ጌታ ያደረገልኝ ትልቅ ነው፤ ዝም ልል አልቻልኩም።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በቴክኖሎጂ ድርጅቶች የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ላይ ነው። ስጀምር ጋዜጣዊ መግለጫ የምንልከው በፋክስ ነበር። ወረቀቱ መድረሱን ለማረጋገጥ ደግሞ ለየጋዜጠኛው እንደውላለን። ከዚያ ኢሜይል መጣ፣ ከዚያም ማኅበራዊ ሚዲያ። መሣሪያው ተቀያየረ፤ ፈተናው ግን ያው ነው። ያላለቀውን "አልቋል"፣ የተበላሸውን "ደህና ነው" በይ ትባያለሽ።

መሐንዲሱ "ስንሞክረው ሠርቷል፤ ብዙ ሰው ሲጠቀምበት ግን እንጃ" ይልሻል። የገበያ ክፍሉ "በዓለም የመጀመሪያው ነው በሉልን" ይላል። ጋዜጠኛው ደግሞ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። እኛ ኢምባርጎ የምንለው አሠራር አለ። ዜናውን ለጋዜጠኛው አስቀድመን እንሰጠዋለን፤ እሱም እስከተባለው ሰዓት ድረስ አያወጣውም። ብዙውን ጊዜ ፊርማ የለውም። በመተማመን ብቻ ነው የሚቆመው። አንድ ጊዜ ከዋሸሽው፣ ቀጥሎ የምትነግሪውን እውነት እንኳ አያምንሽም።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሬን ከመክፈቴ በፊት የምጸልያት አጭር ጸሎት ነበረችኝ። "ጌታ ሆይ፣ ዛሬ አፌን ጠብቅልኝ።" ከዚህ የረዘመ ጊዜ የሚኖረኝ ቀን ጥቂት ነው።

ሙያው ሲጀመር በውሸት አልተጀመረም፤ ይህን ለወጣቶቹ ሁሌ እነግራቸዋለሁ። በ1906 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ባቡር ከድልድይ ወድቆ ከ50 በላይ ሰው ሞተ። ለባቡር ድርጅቱ ይሠራ የነበረው አይቪ ሊ አደጋውን ከመሸፋፈን ይልቅ መግለጫ ጽፎ አወጣ፤ ጋዜጠኞችንም ወደ ቦታው ወሰዳቸው። ብዙዎች የመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ ያ ነው ይላሉ።

በእኛ ዘርፍ ደግሞ በ1994 እ.ኤ.አ. የሆነው የኢንቴል፣ የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራው ኩባንያ፣ ጉዳይ አለ። ቶማስ ናይስሊ የሚባል የሒሳብ ፕሮፌሰር ፔንቲየም የተባለው ቺፑ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ስሌት ሠሪ ክፍል፣ አንዳንድ ማካፈሎችን አሳስቶ እንደሚሠራ ደረሰበት። ኩባንያው በመጀመሪያ "ተራውን ተጠቃሚ አይነካም" አለ፤ የሚቀይረውም እንደሚያስፈልገው ላስረዳ ሰው ብቻ ነበር። ሰው ተቆጣ። በታኅሣሥ ወር ለጠየቀ ሁሉ እንደሚቀይር አስታወቀ፤ ለዚህም 475 ሚሊዮን ዶላር መደበ። እኔ እስከ ዛሬ እንደማምነው ሰውን ያስቆጣው የስህተቱ መጠን አይደለም። ስህተቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነበር። ያስቆጣው "ይህ አንተን አይመለከትህም" መባሉ ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ያኔ የምሠራበት ድርጅት አንድ ማታ ደወለልኝ። አንድ ሰው ሰርቨራችን፣ መረጃችን የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ውስጥ ሰብሮ ገብቷል። ምን ያህል እንደወሰደ ገና አልታወቀም። አንድ ጋዜጠኛ ግን ወሬውን ሰምቶ መልስ እየጠበቀ ነው። አሁን አውሮፓ ውስጥ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ፤ የግል መረጃ ሲጣስ ድርጅቱ ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ያኔ ሰዓት የሚቆጥርብን አልነበረም። የፈለግነውን ብለን መተኛት እንችል ነበር።

ስደርስ አለቆቹ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅተው ጠበቁኝ። "ምንም የደንበኛ መረጃ አልተነካም።" ከሥሩ እንደማንኛውም መግለጫ "ለተጨማሪ መረጃ" ይላል፤ ቀጥሎ የእኔ ስምና ስልክ ቁጥር አለ። ወረቀቱን ይዤ ስሜን አየሁት። "ይህን እናውቃለን ወይ?" ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አልመለሰልኝም።

ሌላ ጻፍኩ። የምናውቀው ይህ ነው፣ ገና የማናውቀው ይህ ነው፣ እናንተ ለጊዜው የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ፣ ነገ በዚህ ሰዓት ደግሞ እንነግራችኋለን። አለቃዬ አንብቦ "ይኼ በገዛ እጃችን አንገታችን ላይ ገመድ ማስገባት ነው" አለ። ከዚያም ረጋ ብሎ፣ "እስከ ጠዋት አስቢበት። ካልሆነ በሌላ ሰው ስም ይወጣል፤ አንቺም የት እንደምትቆሚ እናያለን" አለኝ።

ቤት ገብቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። እንቅልፏ ላይ ነበረች። ነገሩን ስነግራት ሰርቨር ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። "ልጄ፣ ያላየሽውን አየሁ አትበይ። አሁን ተንበርከኪ፤ እኔም እዚህ እንበረከካለሁ" አለችኝ። ተንበረከክን። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር። የቤት ኪራይ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። ደፋር የሚያስብል ጸሎት አልጸለይኩም። "ጌታዬ፣ እኔ ይህን ሰው ማሳመን አልችልም፤ አንተ ተናገረው" አልኩ፤ አለቀስኩ፤ ሊነጋ ሲል እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ስብሰባው ሊጀመር ሲል በስብሰባ ላይ ድምፁ የማይሰማ አንድ ልጅ ገባ፤ ከደኅንነት ክፍሉ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሰርቨሩን መዝገብ ሲያገላብጥ አድሯል። ዓይኑ ቀልቷል። "የደንበኞች ዝርዝር ተገልብጦ ወጥቷል። እዚህ ጋ ይታያል" አለና ላፕቶፑን አዙሮ አስቀመጠው። ክፍሉ ጸጥ አለ። አለቃዬ ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "የማታውን ጽሑፍሽን አምጪው" አለ።

ወገኖቼ፣ ያ ውሸት ማታውኑ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ጠዋት በስሜ ታትሞ ያገኘኝ ነበር። ልጁን ሌሊቱን ሙሉ ያነቃው ማን ነው? እኔ ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሁሉም አልጋ በአልጋ ሆነልኝ አልልም። ደንበኞች ጥለውን ሄዱ፤ ለሳምንታት የስድብ ኢሜይል ሳነብ ከረምኩ። ቆይቶ ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ የእኔም ስም ዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። ቤት ተቀመጥኩ። ያ ጊዜ ከዚያች ሌሊት ይልቅ ከብዶኝ ነበር፤ ምክንያቱም ጌታ ዝም ያለኝ መሰለኝ። ጸሎቴም ተቀየረ፤ "አፌን ጠብቅ" ማለት ቀርቶ "እንጀራዬን ስጠኝ" ሆነ።

በኋላ ስልኬ ጮኸ። ያን ማታ መልስ ሲጠብቅ የነበረው ጋዜጠኛ ነው። ጋዜጠኝነቱን ትቶ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ሆኗል። "ሰው እፈልጋለሁ። ያኔ 'አናውቅም' ብለሽ የጻፍሽውን አልረሳሁትም። በዚያ ሙያ ውስጥ ስኖር ይህን ቃል የጻፈልኝ ሰው በጣም ጥቂት ነው" አለኝ። እስከ ዛሬ የምሠራው እዚያ ነው። ለካ ጌታ መልሱን ጥያቄው ገና ሳይነሳ አዘጋጅቶት ነበር።

አሁን ወጣቶቹ መግለጫውን በሰከንዶች ውስጥ በማሽን ያስጽፉታል። ጽሑፉ ያማረ ነው፤ ማስተባበያም ቢሆን ሳይንተባተብ ይጽፋል። እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን አሁንም ከሥሩ የሰው ስም አለ። ለዚህ ነው በዚህ ሥራ ላሉ ልጆች አጥብቄ የምጸልየው። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀው ካለ ይንገረኝ፤ አብረን እንንበረከካለን። እናቴ አርጅታለች፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ግን ተቀምጣም ቢሆን ትጸልያለች፤ ለእሷም እነግራታለሁ።

ክብሩን ሁሉ ጌታ ይውሰድ። አሜን።