ትራሱ

ዛሬ ጠዋት ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የተተከለበትን የእናቴን ጉልበት ለማየት የመጣው ፊዚዮቴራፒስት ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ ከጉልበቷ ሥር የነበረውን ትራስ ቀስ አድርጎ ሳበና ቁርጭምጭሚቷ ሥር አስገባው። ትራሱን ያስቀመጡት ጎረቤታችን «ኧረ እንዳያማት!» ብለው ብድግ አሉ። እሱም በትሕትና፣ «እማማ፣ ጉልበት እንደታጠፈ ካረፈ በኋላ መዘርጋት ያስቸግራል» አላቸው። እናቴ የነጠላዋን ጥለት በጥርሷ ነክሳ ጣሪያውን ታይ ነበር።

ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያው ከመተከሉ በፊት በነበረው አንድ ወር የጭኗን ጡንቻ ስታጠነክር ቆይታለች፤ የሚያደናቅፈውን ምንጣፍ አንሥተናል፤ ቡና የምታፈላበትን በርጩማ እንኳ (እያጉረመረመችብን) ከፍ ባለ ወንበር ተክተናል። ጠያቂን ማዘጋጀት ግን ለማናችንም አልታየንም። ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጀምሮ በመደገፊያ እየተራመደች፣ ደም እንዳይረጋ በየሰዓቱ እግሯን እንድታንቀሳቅስ ሐኪሞቿ ሲያሳስቧት፣ ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ ከልቡ አዝኖ «አርፈሽ ተኚ» ይላታል። የእኛ አገር ማስታመም ከአልጋ ጋር የተቆራኘ ነው፤ እኔም ራሴ ስትነሣ ሳያት ልቤ ይደነግጣል።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን አጥሚት ይዘው ሲመለሱ፣ ገና ሳይቀመጡ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው ትራሱ የት እንዳለ አዩ።