ሃዋርድ በር ላይ ቆሜ

ዛሬ ማታ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ አቁሜ ሥራ እየጠበኩ ነበር፣ ዝናብ ነው፣ ተሳፋሪ የሚጠራኝ አፕ ጭራሽ ዝም ብሏል፣ ከፊቴ አንድ 2010 ካማሮ መብራት ይዞት ቆመ። የኋላ መብራቱን እያየሁ የመኪና ዲዛይነሩ ኤድ ዌልበርን ትዝ አለኝ፣ ሰውየው እዚሁ ግቢ ነው የተማረው።

አባቱ ፊላደልፊያ አካባቢ ከሸሪክ ጋር የባትላሜራ ጋራዥ ነበረው። ልጁ በ8 ዓመቱ የመኪና ኤግዚቢሽን ሄዶ ካዲላክ ሳይክሎንን አየ፣ መኪና ሳትሆን ሮኬት በሏት፣ በቃ አለቀለት። በ11 ዓመቱ ካዲላክንም ካማሮንም ለሚሠራው ኩባንያ ለጀነራል ሞተርስ ደብዳቤ ጻፈ፣ መኪና ዲዛይን ማድረግ እፈልጋለሁ ምን ልማር ብሎ። መለሱለት እኮ! ለ11 ዓመት ልጅ! ይሄን ባሰብኩ ቁጥር የሆነ ነገር ያንቀኛል።

ሃዋርድ ገብቶ ቅርጻ ቅርጽም ተማረ። ለመኪና ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል፣ ግን መኪና ፋብሪካ ከመግባቷ በፊት በሙሉ ቁመናዋ በሸክላ ትሠራለች፣ በእጅ እየተፋቀች እየተዳሰሰች። በ1972 ተቀጠረ፣ በ2005 የኩባንያው የዓለም አቀፍ ዲዛይን ኃላፊ ሆነ፣ እዛ ወንበር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቁር። ይሄ ፊቴ የቆመው ካማሮም የወጣው በሱ ጊዜ ነው። በ2016 ጡረታ ወጣ፣ 44 ዓመት አንድ ቤት (እኔ እዚህ አገር ስንት ሥራ እንደቀየርኩ ባልቆጥረው ይሻላል)።

እኔም ልጅ ሆኜ የሽቦ መኪና እሠራ ነበር፣ ጎማው ቆርኪ፣ መሪው ረጅም ሽቦ። ደብተሬ ጀርባ ላይ የማባዣ ሰንጠረዡን ሸፍኜ መርቼዲስ ስስል አንዱ አስተማሪ ሽፋኑን ቀዶ ጣለው። አልፈርድበትም፣ ክፍሉ ውስጥ 80 ነበርን። ደብዳቤ ልጻፍ ብልስ ለማን ነበር የምጽፈው?

ደሞ ማክሰኞ ልጄ ስድስት ጎማ ያላት መኪና ስላ አምጥታ "አባ እያት" ስትለኝ "ጎበዝ የኔ ማር" ብዬ ወደ ስልኬ ተመለስኩ፣ ለምን ስድስት እንዳረገችው እንኳን አልጠየኳትም። ወረቀቱ ሶፋው ስር ይሆናል። አሁን የኤርፖርት ጥሪ መጣ፣ ስገባ ተኝታ ትሆናለች፣ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እጠይቃታለሁ።