ወንዙ ወደ ኋላ ሲመጣ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ወንዝን የሚያውቀው በአሸዋው ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ደራሽ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት የወረደው ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እናቴ ከዚያ ወዲህ ሰማዩ በከበደ ቁጥር ሬዲዮ ታጠፋለች። ለማዳመጥ ነው፤ ውሃ ከመታየቱ በፊት ይሰማል ትላለች።

ይህችን ሴት ነው እንግዲህ፣ ልትጠይቀኝ ብሪስቶል ስትመጣ «ነይ ማዕበል ላሳይሽ» ብዬ ሴቨርን ወንዝ ዳር የወሰድኳት።

ሴቨርን 354 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ በብሪታንያ ረጅሙ ወንዝ ነው። ሴቨርን ቦር የሚሉት ደግሞ ባሕሩ ሲሞላ ከወንዙ አፍ ተነስቶ ሽቅብ፣ ፍሰቱን እየገፋ ወደ ግሎስተር የሚገሰግሰው ማዕበል ነው። እኛ ባሕር የሌለን ሰዎች የባሕር ሙላትና ጉድለት የሚባለውን ነገር የምናውቀው ከጂኦግራፊ ደብተር ነው። እኔ እንኳ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ እየመጣ እንደሚሄድ በዓይኔ ያየሁት እዚህ ነው። ከብሪስቶል አጠገብ፣ አቨንማውዝ ላይ፣ በትልቅ ሙላት ቀን በዝቅተኛውና በከፍተኛው ውሃ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 14 ሜትር ይደርሳል፤ ባለ አራት ፎቅ ቤት በሉት። ያ ሁሉ ውሃ የሚገባበት መንገድ እንደ ጡሩንባ እየጠበበ ይሄዳል። አቨንማውዝ ላይ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ስፋት ሚንስተርዎርዝ የምትባለው መንደር ሲደርስ 100 ሜትር አይሞላም። ወለሉም ከፍ እያለ ይመጣል። መስፊያ ያጣ ውሃ እንግዲህ ይቆለላል።

መጀመሪያ በመስከረም ከባለቤቴ ጋር ሄጄ ሳላይ ተመልሻለሁ። ትልልቆቹ ማዕበሎች የሚመጡት ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ጨረቃ ከሞላች ወይም ከተወለደች ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ይህን አጥንቼ ስለነበር ቀኑን አልሳትኩም፤ የሳትኩት ሰዓቱን ነው። የያዝኩት ሰንጠረዥ የተጻፈው በግሪንዊች ሰዓት ነበር፤ እንግሊዞች ደግሞ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ። ሰንጠረዡ 9 ካለ በእጅ ሰዓት 10 ነው ማለት ነው። እኛ 9 ላይ ጭቃ ረግጠን ቆምን። 9፡40 ሲሆን ባለቤቴ «ቀረ እኮ» አለ፤ ሄድን። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፣ እኛ መኪናችንን ስናወጣ ሰዉ ካሜራውን አንግቶ እየገባ ነበር። ምን ይዟቸው መጣ ብዬ አንዱን እንኳ አልጠየቅኩም።

እማዬ በጥቅምት መጣች። የዚያን ቀኑን ማዕበል ባለ አራት ኮከብ ብለውታል፤ እንደ ሆቴል ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጡታል። ኮከቡ ግን ግምት ነው። ከላይ ብዙ ዘንቦ ወንዙ ከሞላ ማዕበሉ ያንሳል፣ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ከነፈሰ ያግዘዋል፤ ሰዓቱም ሃያ ደቂቃ ያህል ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ቀድመን ደረስን። እማዬ የእጅ ሰዓቷን አገር ቤት እንደሞላችው ይዛዋለች።

«በስንት ነው የሚመጣው?»

«በ10።»

«በኔ ስድስት ሰዓት ነዋ።»

በሰንጠረዡ 9፣ በእንግሊዝ 10፣ በእማዬ 6። ሦስቱም ልክ ናቸው።

ሚንስተርዎርዝ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ወንዙ ዳር ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ መሆኑን ስነግራት ነጠላዋን አስተካክላ በሩን ተሳለመች። ከዚያ እኔ የተሻለ ሥዕል ላነሳ ወደ ዳርቻው ጫፍ ወረድኩ፤ እሷ ከኋላዬ ከፍ ያለው ሣር ላይ ቆመች። ወንዙ ቡናማ ነው፣ ዝም ብሎ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ሰርፊንግ ሰሌዳቸው ላይ የተኙ ሰዎች መሀል ለመሀል ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1955 በዚህ ማዕበል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰሌዳ የጋለበው ጃክ ቸርችል የሚባል መኮንን ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጎራዴና ቀስት ይዞ ይዘምት የነበረ ሰው። እሱን እያወራኋት ነበር።

«ዝም በይ!» አለችኝ።

እኔ ምንም አልሰማሁም። ቆይቶ እንደ ሩቅ የጭነት መኪና ያለ ጉርምርምታ መጣ። በዚህ መሀል እጅጌዬን ይዛ «ተመለሺ! አንቺ ልጅ፣ ተመለሺ!» እያለች ወደ ላይ እየጎተተችኝ ነው። ፈረንጆቹ ዞር ብለው አዩን። አፈርኩ፤ ግን ወጣሁ።

ማዕበሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ሆኖ ታጠፈና መጣ። መሀሉ ለስላሳ ጉብታ ነው፣ ጫፎቹ ግን ዛፉንና አፈሩን እየመቱ ይፈርሳሉ። ፍጥነቱ በሰዓት ከ13 እስከ 21 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብስክሌት እኩል ይሄዳል። የእኛው ቁመቱ ከወገቤ ትንሽ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የተለካው ትልቁ 2.8 ሜትር ነበር። አጀብ የሚያሰኘው ግን ቁመቱ አይደለም፣ የሚከተሉት ናቸው፤ አንዱ ባለፈ ቁጥር ሌላ፣ ሌላ። እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ የቀሩት ሦስት ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ራሱ። የእኔ ቪዲዮ ላይ ያለው ሣርና የእማዬ ጫማ ብቻ ነው።

ብዙው ሰው ፊተኛው ማዕበል እንዳለፈ መኪናው ውስጥ ገብቶ ወደ ኦቨር ድልድይ ይሮጣል፤ ማዕበሉ እዚያ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ የሚደርሱበት አሉ። እኛ ቀረን፤ መቅረታችንም ጠቀመን። ወንዙ ዞረ። ከደቂቃዎች በፊት ወደ ቀኝ ይሄድ የነበረው ውሃ ሁሉ ወደ ግራ፣ ወደ ምንጩ ይከንፋል፤ ቅርንጫፍ፣ የፕላስቲክ በርሜል፣ አንድ ትልቅ ግንድም ይዟል። እማዬ ግንዱን በዓይኗ ሸኘችው።

«አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» አለች። «ይሄኛው ደግሞ ግንዱን ወደ ቤቱ የሚመልስ ነው።»

ለመሄድ የምታስቡ የጎማ ቦት ጫማ ያዙ፤ መኪናችሁን ደግሞ ወንዙ ዳር ባለ ዝቅ ያለ መንገድ ላይ አታቁሙ። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ውሃው አንድ ሰዓት ያህል መሙላቱን አያቆምም፤ አስፋልቱ ላይ የሚወጣውም ያኔ ነው። እኛ በጊዜ ተነሳን። ሞተሩን አስነስቼ ሬዲዮ ልከፍት እጄን ስዘረጋ እማዬ ያዘችኝ።

«ቆይ፣ ገና እየሞላ ነው።»