የክረምቱን ውሃ ከጎረቤት ጋር ማውረድ

ሰሜን ሸዋ፣ ጅሩ ላይ ስንዴ የሚዘራ ሰው ትልቁ ጭንቀቱ ውሃው ማሳው ላይ እንዳይተኛበት ነው። አፈሩ ጥቁር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሐምሌ ላይ ግን ጠግቦ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የሚጥለው ዝናብ መግቢያ የለውም። ሥሩ አየር ያጣል፣ ቡቃያው ቢጫ ይሆናል።

ለዚህ ነው ብዙ ቦታ ገበሬው ጥቁር አፈሩን ክረምቱን ጦም አሳድሮ፣ ዝናቡ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ የሚዘራው። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ዋናው ዝናብ እንዲሁ ያልፋል፤ ያ ያሳዝነኛል።

እዚሁ ጅሩ፣ እነዋሪ አካባቢ፣ መደብና ቦይ በእጅ መሥራት የቆየ ሙያ ነው፤ ዘሩ ከፍ ባለው መደብ ላይ ይበቅላል፣ ውሃው በመሃል ባለው ቦይ ይወርዳል። ቤተሰቡ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ከቦዩ አፈር እያፈሰ ወደ መደቡ ያወጣል። ወገብ ይቆርጣል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ አጣምረው በበሬ የሚጎተት መደብ መሥሪያ አወጡ፤ ቢቢኤም ይባላል። እኔም የሠራሁት በዚሁ ነው።

መጀመሪያ ግን ተዳፋቱን አየሁ። ሰኔ ላይ ዶፍ ሲጥል ወጥቼ ውሃው በየት እንደሚሄድ ተከተልኩ። ይህን ለማንም እመክራለሁ፤ በደረቁ ሜዳ የሚመስለው መሬት ቁልቁለቱን የሚያሳየው ያኔ ነው። የእኔ ውሃ የሚወርደው ከታች ባሉት አዛውንት ጎረቤቴ ማሳ ላይ ነበር።

ቤታቸው ሄድኩ። «ጋሼ፣ ቦይ ልቀድ ነው። ውሃው እርስዎ ላይ ይመጣል፤ አብረን እናውርደው» አልኳቸው።

«ደግ ነገርከኝ። ከላይ ያሉትንም ጥራቸው፤ እኛ ብቻ ብንቆፍር የእነሱ ጎርፍ ይደፍነዋል» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ወንፈል ገባን። የጋራውን ቦይ በድንበራችን አወረድነው፤ ከዚያ የየማሳውን መደብ በየተራ ሠራን። ተራውን ያወጣነው በማሳው አቀማመጥ ነው፤ ውሃ ቶሎ የሚተኛበት ቀድሞ ተዘራ። እዚህ ላይ ክርክር አይጠፋም። በሬም ጉልበትም ሁሉም ሰው የሚፈልገው በአንድ ሰሞን ነው፤ ጎተራው የሚጎድለውም ያኔው ነው። ስለዚህ ተራው ዘር ከመጀመሩ በፊት፣ ሰው ሳይዋከብ፣ ተነጋግሮ ይለቅ።

ነሐሴ ላይ ቦዩ በደለል ይሞላል። ከየዶፉ በኋላ ተራ ገብተን ጠረግን፤ ይህ ካልተደረገ የሐምሌው ልፋት ከንቱ ነው። ቡቃያው አረንጓዴ እንደሆነ ክረምቱን ተሻገረ።

አሁን ከመንገዱ በታች ያሉት ገበሬዎችም ቦዩ በእነሱ በኩል እስከ ወንዙ እንዲወርድ ጠይቀውናል። ቁፋሮውን ግንቦት ላይ እንጀምራለን።