ቃጫው ሳይበጠስ፦ ሐዋሳ ላይ እንሰት መፋቅ የተማርኩበት የበጎ ፈቃድ ሥራ

ሰሞኑን ደስ ብሎኛል። ከእንሰት የተገነጠለውን ረጅም ቁራጭ ስፍቅ ቃጫው ከላይ እስከ ታች ሳይበጠስ ወጣልኝ። የሚያስተምሩኝ እማማ ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሡትና «ይሄስ ገመድ ይሆናል» አሉኝ። እሳቸው በዋዛ አያመሰግኑም። እንደ እኔ በባህል ግቢና በሙዚየም በበጎ ፈቃድ ለምታገለግሉ ወይም ለመጀመር ለምታስቡ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

የማገለግልበት ግቢ ዕቃ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ የሚታይበት ቦታ አይደለም። ከቀርከሃ የተሠራ የሲዳማ ቤት አለ። ከጓሮው እንሰት ተተክሏል። እንግዳ ሲመጣ ሥራው ዓይኑ እያየ ይሠራል። ይህ ዓይነቱ ሙዚየም በዓለም ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ስቶክሆልም የሚገኘው ስካንሰን በ1891 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የገጠር ቤቶችን ከስዊድን ከየጥጉ እያመጣ እዚያው ተክሏቸዋል። እኛም አገር ጨንቻ ወጥቶ ዶርዜዎችን የጎበኘ ሰው ቤቱን፣ ሽመናውንና የቆጮውን ሥራ በአንድ ግቢ ያያል።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ብዙ አላወራባቸውም። ግቢ መጥረግ፣ ቡና ማቅረብ፣ እንግዳውን «ዳኤ ቡሹ» ብሎ መቀበል፣ ቤቱን ማስጎብኘት። ይህን ማንም በቶሎ ይለምደዋል።

የከበደኝ ፍቂያው ነው።

ላላየው ሰው ላስረዳ። የእንሰት ግንድ የሚመስለው ነገር እውነተኛ ግንድ አይደለም። የቅጠሎቹ እግሮች እርስ በርስ ተጠቃለው ነው ግንድ የሚመስሉት። እነሱ አንድ በአንድ ይገነጠላሉ። ከዚያ ቁራጩ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ይነጠፋል። ሴትየዋ መሬት ላይ ኮባ አንጥፋ ትቀመጥና አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ ቁራጩን በተረከዟ ጣውላው ላይ ትይዘዋለች። በሁለት እጇ የቀርከሃ መፋቂያ ይዛ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ሥጋው ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው ጣውላው ላይ ይቀራል። ሲታይ ቀላል ነው።

እኔ ስሠራው ግን ቃጫው እየተቆራረጠ ከሥጋው ጋር ይወርድ ነበር። ቃጫ የገባበት ቆጮ ደግሞ ሲበላ ጥርስ ውስጥ ይሰነቀራል። መፋቂያዬ ስላልተሳለ ይመስለኝ ነበርና ሹል እንዲሆን ጠየቅሁ። እማማ ሳቁ። መፋቂያው ቢላ መሆን የለበትም። ጠርዙ ለስለስ ያለ ሲሆን ሥጋውን ይገፋል፤ ሹል ሲሆን ቃጫውን ይቆርጣል። የቀርከሃ መፋቂያ ለምን በብረት እንዳልተተካ ያኔ ገባኝ። አሁን የራሴ መፋቂያ አለኝ፤ ከእጄ መዳፍ ጋር ተስማምቷል። ከግቢው ዕቃ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ለማንም አላውሰውም።

ሁለተኛው ነገር ተረከዝ ነው። ሁላችንም ጀማሪዎች ዓይናችን እጅ ላይ ነው። እጁን እናያለን፣ እጁን እንኮርጃለን። ቁራጩ ትንሽ ከተንሸራተተ ግን የእጅ ጉልበት ዋጋ የለውም። እግሩ አጥብቆ ሲይዝ እጁ መታገል ይተዋል። ለአዲስ ሰው መጀመሪያ እግሩን አስተምሩት እላለሁ። መፋቂያውን ከመስጠታችሁ በፊት ቁራጩን በተረከዙ ይዞ እንዲቀመጥ ብቻ አድርጉት። ጭኑ መንቀጥቀጥ ሲያቆም መፋቂያ ስጡት።

ሦስተኛው አቅጣጫ ነው። ከላይ ወደ ታች ብቻ። ወደኋላ መመለስ፣ ማመላለስ የለም። አንድ ረጅም ፍቂያ ከብዙ አጫጭር ይሻላል። ልብሳችሁንም አስቡበት፤ የእንሰት ውሃ ልብስ ላይ ከደረቀ አይለቅም።

ይህን ሁሉ ከቻልኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ እየሠሩ ማውራት። እንግዳው ይጠይቃል፣ እኔ ቀና ብዬ ስመልስ እጄ ይቆማል። እጄ ሲሠራ አፌ ይዘጋል። እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልተፈታልኝም። የሚረዳኝ አንድ ነገር አግኝቻለሁ፤ ሳወራ ስለምሠራው ነገር ብቻ ማውራት። ሥጋው ሲወርድ ስለ ሥጋው፣ ውሃው ሲንጠባጠብ ስለ ቡላ። ፈሳሹ ተጨምቆ ሲረጋ ነጩ ዱቄት ከሥር ይዘቅጣል፤ ቡላ እሱ ነው። ታሪክና ቁጥር መጠየቅ የጀመረ እንግዳ ካለ መፋቂያዬን አስቀምጬ ፊቱን አይቼ እመልስለታለሁ።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ። አንዳንድ ጓደኞች የድሮ ሰው ሆነን እንተውን ይላሉ። በውጭ አገር ይህ የታወቀ ነው። አሜሪካ ፕሊመዝ ውስጥ ባለው ሙዚየም ሠራተኞቹ የ1620ዎቹን ሰፋሪዎች ሆነው በዚያ ዘመን አነጋገር እንግዳ ያስተናግዱ ነበር። እዚያ ያስኬዳል፤ እነዚያ ሰዎች አልፈዋል። እዚህ ግን የሚያስተምሩን እናቶች ጠዋት የራሳቸውን እንሰት ፍቀው ነው የሚመጡት። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በእንሰት ይኖራል። በሕይወት ያለን ሥራ «ድሮ እንዲህ ይደረግ ነበር» ብሎ ማስጎብኘት ልክ አይደለም። ስለዚህ እኔ ባገለገልኩበት ሰዓት ሁሉ «ይደረግ ነበር» አልልም፤ «ይደረጋል» ነው የምለው። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ቆጮን ከክትፎ ጋር ብቻ ነው የሚያውቀው። ከየት እንደሚመጣ ሲያይ ፊቱ ላይ የሚታየው መገረም ከማንኛውም ትወና ይበልጣል።

ሌላም አለኝ። እኛ በጎ ፈቃደኞች በነፃ እንሥራ፤ ምርጫችን ነው። እናቶቹ ግን ሊከፈላቸው ይገባል። እውቀቱ የእነሱ ነው፣ ጉልበቱም የእነሱ ነው። ምሳና ትራንስፖርት ክፍያ አይደለም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ስለ ሽታው ልናገር። የተፋቀው ሥጋ ቆጮ እንዲሆን የሚቀበርበት ጉድጓድ ሲከፈት አፍንጫውን የማይዝ እንግዳ ጥቂት ነው። ቆጮው በኮባ ተሸፍኖ ሲብላላ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው። ቀዝቃዛ ደጋ ላይ ወራት ይፈጃል፣ ሞቅ ባለ ቦታ ይፈጥናል። እንግዳ ደግሞ የሚቆየው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ስለዚህ አዲስ የገባ፣ መካከል ላይ ያለና የደረሰ ጎን ለጎን ይዘጋጅ። ሦስቱን በተራ ሲያሸቱ ለውጡን ራሳቸው ያገኙታል። ከዚያ ከደረሰው ተጋግሮ ይቅመሱ። ቅቤ በገባበት ቡርሳሜ ከቀመሱ ስለ ሽታው ማውራት ያቆማሉ። የሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል ፍቼ ጫምባላላ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር አብሮ የተጻፈው የበዓል ምግብ ከዚሁ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚዘጋጀው ነው። ሕፃናት ይህን ሲሰሙ ይደገመን ይላሉ።

ጓሮ ያላችሁ ግቢዎች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቢላችሁን ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከማሻገራችሁ በፊት በእሳት አሳልፉት። አጠውልግ የሚሉት በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ በዋናነት የሚተላለፈውም በመቁረጫ ነው። ሳይንሱ ከመዘገበው ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድኃኒት አልተገኘለትም። እንሰት እስኪደርስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ለእንግዳ ለማሳየት ብሎ ያን ሁሉ ዓመት ማጣት ያሳዝናል። እኛ ቢላውን ስናሞቅ እንግዳው እያየ ነው የምናሞቀው፤ እሱም የሥራው አካል ሆኗል። ከገበሬ ቤተሰብ የሚመጡ እንግዶች ትኩር ብለው የሚያዩት ይህንን ነው።

የቀረኝ ቋንቋው ነው። ሐዋሳ ተወልጄ ሲዳሙ አፎ የማወራው ለሰላምታና ለገበያ ያህል ነው። እማማ ስለ እንሰት ዓይነቶች ሲያወሩ፣ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለቃጫ እንደሚሻል ሲዘረዝሩ ግማሹ ያመልጠኛል። የልጅ ልጃቸው ታስተረጉምልኛለች፤ ግን እሷም የአንዳንዱን እንሰት ስም አታውቀውም። አሁን ከእሳቸው ጋር ጓሮውን እየዞርኩ ስማቸውን በድምፅ እቀዳለሁ፤ ቤት ስገባ ደጋግሜ እሰማለሁ። ሌላ ግቢ ውስጥ ይህን የሠራችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደራጃችሁት ንገሩኝ። እኔ በየተክሉ ሥር ስሙን የያዘ ጣውላ ለመትከል እያሰብኩ ነው። እማማ ግን አልወደዱትም። «ስሙን ጣውላው ካወቀው እናንተ ለምን ታውቁታላችሁ?» ይላሉ።