ጥቀርሻ የሌለበት ዋሻ

ዛሬ በአንድ የባቡር ዋሻ ውስጥ ብስክሌቴን አቁሜ ጣራውን በባትሪ ስፈትሽ በእግር የሚጓዙ አዛውንት ደረሱብኝ።

«ምን ጠፋብሽ ልጄ?»

«የባቡር ጥቀርሻ እየፈለግሁ ነው።»

«አታገኚም። በዚህ መስመር ባቡር አንድም ቀን አላለፈም።»

ደቡብ ስፔን ነው፤ ከኦልቬራ እስከ ፑዌርቶ ሴራኖ፣ 36 ኪሎ ሜትር፣ 30 ዋሻዎች። ቁፋሮው በአውሮፓውያኑ 1920ዎቹ ተጀምሮ መስመሩ ሳይጠናቀቅ ቀረ። መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍሁ። ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ሳነሳው ውሃ ብቻ ነበረበት፤ ጥቁር ነገር የለም። ይህን ሁሉ ድንጋይ የፈለፈሉት ሰዎች የባቡሩን ፉጨት ሳይሰሙ መቅረታቸው አንጀቴን በላው።

ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን በሱ፣ ሸለቆውን በድልድይ ተሻገሩ፣ መንገዱን አለሰለሱት። ለባቡር የታሰበው ልስላሴ ዛሬ ጓዝ የጫነ ብስክሌት ለምትገፋ ለእኔ ጉልበት ደረሰ። ስፔን ከአውሮፓውያኑ 1993 ጀምሮ አገልግሎት የማይሰጡ የባቡር መስመሮችን ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ስትከፍት ቆይታ ዛሬ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ አድርሳቸዋለች። የትም አገር ቢሆን፣ የተተወ ሐዲድ ለቁራሌው ከመሸጡ በፊት ይህን ማሰብ ይገባል እላለሁ።

ከዋሻው ስወጣ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። ከፊቴ አንዲት ትንሽ ልጅ ብስክሌቷን ከዳር እስከ ዳር እያወላገደች ትነዳለች። እናቷ ከኋላ ናት። መኪና ባለበት መንገድ ቢሆን ስንት ጊዜ «ዳር ያዢ!» ብላ በጮኸች። አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔም ደወሌን ሳልነካ ከኋላቸው በዝግታ ተከተልሁ።