ቦርድ ከማዘዛችሁ በፊት ሽቦውን ለኩት

በእኛ ሥራ በየቀኑ የምትሰማ አንዲት አባባል አለች፦ «ቦርዱ ተቃጥሏል።» ኮምፒውተሩ ላይ ፋን ኮይሉ (ክፍሉ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋው ማሽን) ኦፍላይን ብሎ ከታየ የመቆጣጠሪያው ቦርድ ሄዷል ማለት ነው፤ በቃ። ከዚያ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ዶላር ይጠበቃል፣ ዕቃው ከውጭ እስኪገባ ወራት ያልፋል። ተከራዩ እስከዚያ በታፈነ ቢሮ ውስጥ እየተራገመ ይሠራል። ቦርዱ መጥቶ ሲቀየርም ብዙ ጊዜ ችግሩ እዛው ነው።

የትልልቅ ሕንጻዎች ኤሲ ኮንትሮል ላይ ነው የምሠራው። መቆጣጠሪያ ዝም ሲል መጀመሪያ የምጠረጥረው ሽቦውን ነው። ቦርድ አይቃጠልም እያልኩ አይደለም። አንዱ የኃይሉን 24 ቮልት ወስዶ የኮሙኒኬሽኑ ተርሚናል (የሽቦ ማሰሪያ) ላይ ካሰረው ይቃጠላል። ግን ሽቦ ለመለካት መልቲሜትርና ካቻቢቴ ይበቃል። ዶላር አይጠየቅበትም።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ብዙ ሕንጻ ላይ መቆጣጠሪያዎቹ የሚነጋገሩት አርኤስ 485 በሚባል፣ እርስ በርሱ በተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ ነው። የሚናገሩበት ቋንቋ አንዳንዱ ጋ ሞድባስ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ በ1995 መመዘኛ ሆኖ የወጣው ባክኔት። ባክኔቱ በዚህ ሽቦ ላይ ሲሄድ ልክ እንደ እድር ስብሰባ ነው። ተራው ያልደረሰው አይናገርም፣ የጨረሰው ለቀጣዩ ያሳልፋል (ደንቡ የሚከበርበት እድር ማለቴ ነው)። ሽቦው ከአንዱ መቆጣጠሪያ ወደ ቀጣዩ እየገባና እየወጣ ይሄዳል እንጂ ቅርንጫፍ አያወጣም። ሁለቱ ጫፎች ላይ ደግሞ 120 ኦም ሬዚስተር ይቀመጣል፤ ሲግናሉ ጫፍ ሲደርስ ተመልሶ እንዳይረብሽ።

ከዚህች ነገር ብቻ ጥሩ መመርመሪያ ይወጣል። መስመሩ ላይ ያሉትን መቆጣጠሪያዎች ኃይል አጥፉና ፕላስና ማይነሱ መሃል ኦም ለኩ። ሁለት 120ዎች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 60 ስለሚሆኑ፣ 60 አካባቢ ካነበባችሁ የሁለቱም ጫፎች ሬዚስተር አለ። 120 አካባቢ ከሆነ አንዱ ጫፍ ላይ ሬዚስተር የለም፣ ወይም መንገድ ላይ ሽቦው ተቆርጧል። 40 ከሆነ ሦስተኛ ሬዚስተር የሆነ ቦታ ተደብቋል። ሌላ ዓይነት አገጣጠም የሚያዝዙ አምራቾች ስላሉ መመሪያውን አስቀድሞ ማየት ነው።

ሰንጋ ተራ አካባቢ አንድ የቢሮ ሕንጻ ላይ ያገኘሁት 40 ነበር። የሦስት ፎቅ ፋን ኮይሎች በአንድ መስመር ነው የተያያዙት። ጠዋት ሁሉም ደህና፣ ከሰዓት አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ቦርድ ይታዘዝ ተብሎ ደብዳቤ ተጽፏል። የጥገና ኃላፊው ግን ተጠራጥረው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ከሰዓት ብቻ የሚቃጠል ቦርድ አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔስ አላየሁም።»

መስመሩን መሃል ላይ ፈትቼ ለሁለት ከፈልኩት። በተፈታው ጫፍ ላይ ጊዜያዊ 120 ኦም አስሬ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የቀረው ግማሽ እስከ ማታ ሳይጠፋ ዋለ። ስለዚህ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ለሁለት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ 8ኛው ፎቅ ላይ ደረስኩ። ተከራዩ በጂፕሰም አዲስ ክፍል ሠርቶ ቴርሞስታቱንም መቆጣጠሪያውንም አዛውሯል። ኮርኒሱን ስከፍት ነገሩ ሁሉ እዛው ነው። ነባሩ ኬብል መሃሉ ተልጦ ሌላ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፣ በናስትሮ ተጠቅልሏል። የተጨመረው ሽቦ ጥምዝ አይደለም፣ ሺልድም (ረብሻ የሚከላከል የብረት ሽፋን) የለው፤ የበር ደወል የሚሠራበት ዓይነት ነው። ቅርንጫፉ መጨረሻ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ደግሞ ውስጡ ያለው ሬዚስተር ማብሪያው በርቷል፤ የተደበቀው ሦስተኛ እሱ ነው። ያዛወረው ሰው መጨረሻው ይሄ ነው ብሎ መሆን አለበት፣ አልፈርድበትም።

የከሰዓቱስ ነገር? ያ ቀጭን ሽቦ ከፎቁ ትልቅ ማራገቢያ የሞተር ኬብል ጋር በአንድ የኬብል ትሬይ ተኝቷል። ሞተሩ የሚዞረው በኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት በሚቆጣጠር መሣሪያ) ነው፣ ኢንቨርተር ደግሞ ኃይለኛ ረብሻ ያወጣል። ጠዋት አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ማራገቢያው አይነሳም። ከሰዓት ፀሐዩ መስታወቱን ሲያግለው ይነሳል፣ መስመሩም ያኔ ይበላሻል። ለማረጋገጥ ማራገቢያውን አስቆምኩት። የጠፉት ፋን ኮይሎች ተመለሱ። አስነሳሁት፣ ሄዱ።

ቅርንጫፉን አንስተን በትክክለኛው ኬብል አንድ መግቢያ አንድ መውጫ ሠራን። ከሞተሩ ኬብል አራቅነው፣ የሬዚስተሩን ማብሪያ አጠፋን። መልቲሜትሩ 61 አነበበ።

እግረ መንገዴን በዚያው መስመር ያሉትን ተርሚናሎች አየሁ። ሁለት ነገር ሁሌም አይጠፋም። አንደኛው፣ ብሎኑ መዳቡን ሳይሆን ፕላስቲኩን ነክሶ የያዘው ሽቦ ነው። ለዓይን የታሰረ ይመስላል፤ በጣት ሳብ ስታደርጉት ሹልክ ይላል። ሁለተኛው ሺልዱ ነው፣ በየመቆጣጠሪያው ከግራውንድ ጋር ያስሩታል። ሺልድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ተያይዞ ግራውንድ የሚደረገው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ኤ እና ቢ የሚል ምልክት ካያችሁም አትመኑት፣ አምራቾች በዚህ አይስማሙም። ፕላስና ማይነሱን ተከተሉ፤ አንድ መቆጣጠሪያ ተገልብጦ ቢታሰር መስመሩን በሙሉ ሊያስተኛው ይችላል።

ሽቦው ደህና ሆኖ ካልሠራ አድራሻና ፍጥነት ነው የሚቀረው። ሁለት መቆጣጠሪያ አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው እንደሆነ፣ አንዱ በ38400 ሌላው በ19200 እያወራ እንደሆነ ማየት። እሱም አልሆነም? እንግዲህ ቦርዱን ጠርጥሩ።

የሽቦውን መንገድ ወረቀት ላይ ሥዬ፣ ጫፎቹ የት እንደሆኑ ጽፌ የፓነሉ በር ውስጥ ለጥፌዋለሁ። አሁን ደግሞ 9ኛው ፎቅ ላይ አዲስ ተከራይ እየገባ ነው፤ ጂፕሰም ሠራተኞቹ ጀምረዋል አሉ።